የግራ እጅጌዋ ኪስ

በዚያ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል በር ላይ ልጅ አቅፎ ተራ የጠበቀ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ስሟን የሚጠራ ግን የለም። ሲስተር አያምም ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ናት። እየጮኸች፣ የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች፣ ሰፈሩን በሙሉ እያስደነገጠች ገባች፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጸጥ። ትንሽ ቆይታ «መቼ ነው የምትወጊኝ?» ብላ ጠየቀች።

«ጨርሻለሁ እኮ የኔ እመቤት። ክንድሽን እዪው።»

ልጅቱ ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አየችና እንደ ተታለለ ሰው ቅር ብሏት ወጣች። ደጅ ለተሰለፉት ልጆች ግን «አያምም» ብላ አወጀች። ስሙ በዚያው ቀረ።

እሷ ራሷ ለአንድም ልጅ «አያምም» ብላ አታውቅም። «መርፌ ያማል» ትላለች። «ለልጅ መዋሸት ነውር ነው። እኔ የማደርገው ሕመሙ ሲመጣ ልጁ ቤት እንዳይገኝ ነው።»

ልጁን ከቤት የምታስወጣው በአንዲት የነሐስ የኮት ቁልፍ ነው። ቁልፏን በግራ እጇ ጣቶች መካከል ታንከባልላታለች፤ የልጁ ዓይን ይከተላታል፤ ድንገት ቁልፏ የለችም። ከጆሮው ኋላ ትሆን? ከእናቱ ሻርፕ ሥር? እሱ ሲፈልግ ቀኝ እጇ ጉዳዩን ጨርሳለች። ከዚያ ቁልፏ ከራሱ ከልጁ ኮሌታ ትወጣለች፣ ልጁም እንደ ጠባዩ ይስቃል ወይም ይናደዳል፣ እሷም ቁልፏን ሹልክ አድርጋ በግራ እጅጌዋ ውስጥ ወደ ተሰፋች ጠባብ ኪስ ትከታታለች። በነጭ ጋውኖቿ ሁሉ ላይ ይቺ ኪስ አለች። የምትሰፋትም ራሷ ናት፤ ለዚህም ነው ጋውኖቿን ለማንም ሳትሰጥ ቤቷ ወስዳ የምታጥባቸው።

አዳዲስ ነርሶች በመጡ ቁጥር ይጠይቋታል። «ሲስተር፣ ይሄን የት ነው የተማሩት?»

«ሱቅ ነው። ስሰርቅ።»

ይስቃሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት እውነቱን ነገረቻቸው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሳቁ። ሰው ያከበረውን ሰው አይሰማም፤ ያስጌጠዋል እንጂ።

የሰረቀችው ርቧት አይደለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጀመር ሰው ቶሎ ብሎ ባዶ ድስትና የምታለቅስ እናት ስለሚፈልግ ነው። ባዶ ድስት አልነበረም። አባቷ የባቡር ትኬት ቆራጭ፣ እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበሩ፤ ምሳም እራትም በሰዓቱ ይቀርባል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በሕይወቷ በምንም ነገር አንደኛ ወጥታ አታውቅም። በሒሳብ ጅራት ናት፤ በሩጫም እንደዚያው። በመልክ ደግሞ ታላቅ እህቷ አለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ እንግዳ ሁሉ እህትየዋን አድንቆ ሲያበቃ «ይቺኛዋስ?» ይላል። ይቺኛዋ። አንድ ቀን እናቷ ክር ግዢ ብላ ወደ መርፌና ክር መሸጫው ላከቻት። ባለሱቁ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀና ባለበት ቅጽበት፣ ግራ እጇ ማንንም ሳታስፈቅድ ከሣጥኑ አንዲት የነሐስ የኮት ቁልፍ አነሳች። ደጅ ወጥታ መዳፏን ስትከፍት ቁልፏ ቁጭ ብላለች።

አልፈራችም። አላፈረችምም። «ለካ እኔም የምችለው ነገር አለ» ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን እንደ ትምህርት ያዘችው፤ የትምህርት ቤቱንም እንዲህ ይዛው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፕሮፌሰር ናት። እናቷ ማሽኑን ስታንቀጠቅጥ እሷ ከኋላ ተቀምጣ እርሳሱን፣ ማበጠሪያውን፣ የሽቶ ብልቃጥ ክዳኑን በጣቶቿ መካከል ታንከባልላለች።

«ምን ትነካኪያለሽ እዚያ?»

«ጣቴ ደንዝዞ ነው እማዬ።»

«ሳህን ብታጥቢበት ይነቃ ነበር።»

ማንም አላስተማራትም፤ ሕጉንም ያወጣችው ራሷ ናት። ዓይን እጅን አይከተልም፣ ዓይን የሚከተለው ዓይንን ነው፤ ባለሱቁን ዓይን ዓይኑን እያየሽ ስለ ክር ቀለም ከጠየቅሽው፣ እጅሽ መደርደሪያውን ነቅሎ ቢወጣ አያይም። መሮጥ የለም፤ የሚሮጥ እግር አፍ አውጥቶ ይናገራል። ከሁሉም የከበደው ግን እጅሽ የሠራውን አንቺም አትወቂ የሚለው ነበር። የወሰድሽውን ካሰብሽው ፊትሽ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ግራ እጅ ያነሳል፣ እጅጌ ውስጥ ወዳለችው ኪስ ይጥላል፣ ይረሳል። ቤት ገብታ እጅጌዋን ስታራግፍ «ውይ፣ ይሄም ነበር ለካ» እስክትል ድረስ ለመደችው። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያዙልኝ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ጉድ የሠራቻት እሷ ናት።

በክፍሏ ዝነኛ ሆነች። የሒሳብ መምህሩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚያስተምር ሰው ነበር። አንድ ቀን ወንበሯ ድረስ መጥቶ ስለ ዜሮዋ እየገሠጻት ሳለ እርሳሱን ከቀኝ ጆሮው አነሳችው። ክፍሉን በሙሉ አስቁሞ ፈተሸ፤ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ኪሱን ገለበጠ። በመጨረሻ እርሳሱ ከግራ ጆሮው ላይ ተገኘ። መምህሩ «እርጅና ክፉ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ዛሬም ይህን ስታወራ ፊቷ ይበራል። የንስሐ ገቢ ፊት አይደለም፤ ለመምሰልም አትሞክርም። ሰው ጥሩ አድርጎ የሠራውን ነገር መካድ አለበት የሚል ሕግ ማን እንዳወጣ አላውቅም።

ነገር ግን የመቀሷ ጉዳይ አለ።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። መርፌና ክር መሸጫው አዲስ ሻጭ ቀጥሯል፤ እኩያዋ የሆነች፣ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ ልጅ። ቀኑን ሙሉ ጥብጣብ ታጥፋለች፤ ስታጥፍ ጠርዝና ጠርዙ ፀጉር አያሳልፍም። ከመደርደሪያው መስተዋት ኋላ እጀታዋ ወርቃማ የሆነች ትንሽ የጥልፍ መቀስ ነበረች። የኛይቱ መቀሷን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አነሳቻት። ምን ልታደርግባት? ምንም።

በማግስቱ በዚያ ስታልፍ ባለሱቁ ልጅቱን ደጃፍ ላይ አውጥቶ፣ መንገደኛ እያየ፣ የሽርጧን ኪስ እያስገለበጣት ነው። ጠመኔ፣ መሀረብ፣ ግማሽ ዳቦ።

«መደርደሪያውን የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ። የት አደረስሽው?»

«አላየሁም ጋሼ።»

መቀሷ መንገዱን ተሻግራ በቆመችው ሌባ እጅጌ ውስጥ ናት። በመካከላቸው ሃያ እርምጃ ነበር። ዛሬም ሃያ መሆኑን ታውቃለች፤ በዓይኗ ቆጥራዋለች፣ በእግሯ ግን አልሄደችውም። ልጅቱ ሽርጧን ፈታች፣ እንደ ጥብጣቡ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ አጠፈች፣ ባንኮኒው ላይ አኖረች፣ ሄደች።

ሦስት ቀን ሌባዋ እንቅልፍ አጣች። በአራተኛው ቀን መፍትሔ ያገኘች መሰላት፤ ክር ልትገዛ ገባችና መቀሷን ከክር ሣጥኖቹ ኋላ መለሰቻት። በሥራዋ ሁሉ ከዚያ የተሻለ እጅ አሳይታ አታውቅም። ባለሱቁ ሣጥን ሲያነሳ እሷ ሳትወጣ መቀሷን አገኛት። አሁን ያቺን ልጅ ይጠራታል ብላ ልቧ ዘለለ።

ባለሱቁ መቀሷን ለደንበኞቹ ከፍ አድርጎ አሳየ። «አያችሁልኝ? ኋላ ልትወስዳት ደብቃት ነበር። እንኳንም አባረርኳት።»

በቃ። ያቺ የመጨረሻዋ ሆነች። ማንም አልያዛትም፤ ፖሊስ አልመጣም፣ ጥፊም አልቀመሰችም። ልጅቱን ግን በየሱቁ እየዞረች ጠየቀች፤ የት እንደ ሄደች የሚያውቅ ጠፋ። ለዚህ ነው ሲስተር አያምም ስለዚያ ዘመን ስትናገር የምትለው፦ «በእጄ አላፍርም። የማፍረው በአፌ ነው።»

ነርስነት ተምራ እዚህ ጤና ጣቢያ ስትቀጠር፣ የመጀመሪያው ልጅ አልቅሶ አልቅሶ ሰማያዊ ሲሆንባት፣ ግራ እጇ ራሷ ኪሷ ገብታ ያቺን የነሐስ ቁልፍ አወጣች። የተረፈውን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደዚያ አርብ ልውሰዳችሁ። ጡረታዋ ስድስት ወር ቀርቶት ነበር።

አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ገባ፤ ቁልፏን ቀድሞ የሚያውቅ። «ያቺን ነገር አታምጪ፣ አውቃታለሁ» ብሎ ጥርሱን ነከሰ። እሷም ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጣት ላይ የምትቆነጠጥ የኦክስጅን መለኪያ አነሳችና አመልካች ጣቱ ላይ ቆነጠጠችለት። ቀይ መብራት፣ የሚጨፍር ቁጥር። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያይ ተወጋ፤ አላወቀም። ችግሩ አልመልስም ማለቱ ነበር። «ወዴት ሄደች?» አለችው፤ መለኪያዋም የለችም። ልጁ ተገርሞ ወጣ። ወዲያው ከእሱ ኋላ የገባው ሕፃን ምሳውን በሙሉ ጋውኗ ላይ መለሰው። ጋውኗን አውልቃ በፌስታል ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራች፣ እጇን ልትታጠብ ወጣች። ጽዳቷ ብቻዋን ወለሉን ወለወለች።

ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ኃላፊው መለኪያዋን ፈለጋት። ጤና ጣቢያው ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለእሷም ስንት ደብዳቤ ተጽፏል። ጠፋች። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ስድስት የሥራ ባልደረባ ገብቶ ወጥቷል። የተፈተሸው አንድ ቦርሳ ነው። የማን እንደ ሆነ መንገር አለብኝ?

ከጽዳቷ ቦርሳ ነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ሳሙናና አንድ ባዶ የክትባት ካርቶን ወጣ። ኃላፊው ካርቶኑን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይሄስ?»

«ከቆሻሻ ነው ያነሳሁት ጋሼ። ልጄ ይስልበታል።»

«ዛሬ ካርቶን፣ ነገ መሣሪያ። ሰኞ ጠዋት ወይ ዕቃውን ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ ወይ የሥራ ልብሳችንን።»

ሴትየዋ ወደ ሲስተር ዞረች። «ሲስተርዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል አይደል?»

«እሷ አትወስድም» አለች ሲስተር።

«እርስዎ ሰው ያምናሉ» አለ ኃላፊው፤ ለአሮጊት አክስት እንደሚባለው፣ ሳያዳምጥ። እሷም ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ምክንያቱም በእውነት አታውቅም ነበር። እጇ የሠራውን እሷ አታውቅም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ ሳፋ ዘርግታ ያን ጋውን ልትነክር ስትል፣ ቁልፏን ለማውጣት እጅጌው ውስጥ እጇን ሰደደች። ቀጭ አለ። ነሐስ ከነሐስ ጋር እንዲህ አይልም፤ ነሐስ ከፕላስቲክ ጋር ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በረንዳው ላይ የወንበር እግር ይጠግናል። ፊቷን አየና «ምን ሆንሽ?» አላት። መዳፏን ዘረጋችለት።

«ምንድን ነው ይሄ፣ የልብስ መቆንጠጫ?» ተቀብሎ ጣቱ ላይ ቆነጠጣት። «ዘጠና ሰባት ይላል። ምን ማለት ነው?»

«በሕይወት አለህ ማለት ነው።»

«ይሄን ለማወቅ ማሽን ተገዛ?»

ነገሩን ነገረችው። ባልየው ስለ ወጣትነቷ ያውቃል፤ የእርሳሷን ታሪክ እንዲያውም ከእሷ ይልቅ አሳምሮ ያወራታል። ራሱን ነቀነቀና «ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አለ። «ሰኞ ትገቢያለሽ፣ ከሚዛኑ ኋላ ጣል ታደርጊያታለሽ፣ ራሱ ያገኛታል። ለጣል ማድረግ ደግሞ አንቺን የሚያህል የለም። ስድስት ወር ነው የቀረሽ፤ ነገር አትቆስቁሺ።»

ያኔ ለአርባ ዓመት ለማንም ያልተነፈሰችውን የመቀሷን ነገር ነገረችው። መመለሷን፣ ባለሱቁ ያለውን፣ ሁሉንም። ባልየው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ልጅቱ ምን ሆነች?»

«አላውቅም።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

«ስታጥፍ ጠርዝና ጠርዙ ይገጥማል። ሌላ የማውቀው የለም።»

ሰውየው ወንበሩን አገላብጦ አየው። «እንግዲያ ሂጂና ተናገሪ። ጡረታሽን ቢከለክሉሽ እኔ አበላሻለሁ።»

«በምን?»

«ወንበር እየጠገንኩ።»

«ይቺኑ አንዲቷን ነው ከሐሙስ ጀምሮ የያዝካት።»

የጽዳቷ ስልክ ቁጥር ነበራት። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ፣ እሑድ አንድ ጊዜ ስልኩን አነሳች፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሳ አስቀመጠች። «ሰኞ በሁሉም ፊት እናገራለሁ፣ ያ ይበልጣል» አለች ለራሷ። እዚህ ላይ አላሞግሳትም። ፈርታ ነው፤ ፍርሃቷን ጥሩ ልብስ አለበሰችው እንጂ።

ሰኞ በሩ ሳይከፈት ኃላፊው፣ ሁለቱ ነርሶች፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅና ዘበኛው ክትባት ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። ጽዳቷ ገባች። በሁለት እጇ የሥራ ልብሷን ይዛለች፤ አጥባና ተኩሳ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ አጥፋዋለች። ሲስተር ያቺን እጥፋት አየች። እንዳትናገር የያዛት ነገር ካለ እዚያ ላይ ለቀቃት።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች፤ መለኪያዋን በመዳፏ አድርጋ ዘረጋች። «አርብ ልጅ ሳባብል እጅጌዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ረሳኋት።»

እቀጣለሁ፣ እዘለፋለሁ ብላ ነበር። ይህን ግን አልጠበቀችም፤ አላመኗትም። ነርሶቹ በፍቅር አዩዋት። ኃላፊው ፈገግ አለ።

«ሲስተር፣ ደግነትዎን ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ቤትዎ መጥታ አልቅሳ ሰጥታዎት ነው አይደል? ያዘኑት ለእሷ ነው፤ ግን ሌባን እንዲህ መሸፈን…»

ሲስተር መዳፏን ጨበጠች። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰበሰበችው ክብር መጥቶ አፏን ሲዘጋባት ያን ጊዜ አየች።

«ቁጭ በል» አለችው።

«አቤት?»

«እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ክንድህ ላይ ያለችውን የክትባት ጠባሳ የተውኩልህ እኔ ነኝ፤ ያኔም አላለቀስክም። ቁጭ በል።»

በስብሰባ ላይ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ዘበኛው ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው የሕፃናቱ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ተቀመጠ። እሷ ከፊቱ ቆመች፤ ዓይን ዓይኑን አየችው፤ ቁልፏን ማንከባለል ጀመረች።

«ይቺ ቁልፍ የተሰረቀች ናት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባለሱቁ ቀና ሲል አነሳኋት።» ቁልፏ ጠፋች። «ከዚያ አራት ዓመት ሰረቅሁ። ማንም አልያዘኝም፤ ለምን እንደ ሆነ ታውቃለህ? ሰው እጅ አያይም። ሰው የሚያየው ፊት ነው። ፊቱ ደህና ሰው ከመሰለው እጁን አይመለከትም፤ ፊቱ ድሃ ከመሰለው ግን ኪሱን ያስገለብጣል።» ቁልፏን ከጆሮው ኋላ አወጣቻት። «አንዲት ልጅ እኔ በሰረቅኩት መቀስ ከሥራ ተባረረች። ሃያ እርምጃ ላይ ቆሜ አየሁ። ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም አልልም። ጨርሻለሁ፤ ተነስ።»

«ምኑን ነው የጨረሱት?» አለ ኃላፊው፤ ቆጣ ብሎ። «መለኪያዋን ይስጡኝ እንጂ።»

ግራ መዳፏን ከፈተች፤ ባዶ። ቀኙን ከፈተች፤ ባዶ። የእጅጌዋን ኪስ ገልብጣ አሳየች፤ ክር ብቻ። ቁልፏን ጥርሷ መካከል ይዛት ነበርና አውጥታ «የደረት ኪስህን እይ» አለችው።

እጁን ሰደደ። መለኪያዋ ከዚያ ወጣች። እዚያ ሰክቷት የነበረችው እስክሪብቶ ግን አልነበረችም።

«እስክሪብቶህ ጆሮህ ላይ ናት» አለችው።

ጆሮውን ዳሰሰ። ነበረች። ዘበኛው ከእንግዲህ ማሳል አልቻለም፤ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እንግዲህ ዕቃው ካንተ ኪስ ተገኘ። ይሄ ሁሉ ሰው እያየ ነው። ምን እናድርግ? ቦርሳህን እንፈትሽ? አርብ ስድስት ሰው ገብቶ ወጣ፤ አንድ ቦርሳ ፈተሽክ። የእኔን ለምን አልፈተሽክም? ፈትሸኸው ቢሆን እኮ እዚያው ነበረች።»

ኃላፊው መለኪያዋን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረና ጽዳቷን ሳያይ «በይ እንግዲህ፣ ሥራሽን ቀጥዪ» አለ።

«ይቅርታ የሚለው ቃልም ጠፋብህ?» አለች ሲስተር። «እሱን እኔ አልወሰድኩም።»

ኃላፊው አንገቱ ድረስ ቀላ። ይቅርታ ግን አለ፤ ዞሮ፣ ፊቷን እያየ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ይህን አልነፍገውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ጽዳቷ ግን ወደ ሲስተር ዞረች።

«መቼ ነው ያገኙት?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

«ቅዳሜ ጠዋት።» ሴትየዋ ቃሉን አኘከችው። «ስልኬ አለሽ አይደል?» እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፍቶ ነበር፤ ጠፍቶም በዚያው ቀረ።

«አለኝ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳውጠነጥን ነው የከረምኩት። አንቺ ግን ኪስሽ ውስጥ ይዘሻት ተኝተሻል።»

«ይቅር በዪኝ» አለች ሲስተር። ሃያውን እርምጃ ሄዳለች፤ ግን ዘግይታ። ጽዳቷ የሥራ ልብሷን ዘረጋች፣ ለበሰች፣ ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። «ሲስተር የመሥሪያ ቤቱን ንብረት በእጅጌያቸው ውስጥ በሰፉት ድብቅ ኪስ በመያዝ ለሁለት ቀናት ከሥራ ውጪ ስላደረጉ» ይላል፤ ማኅተምና ፊርማ አለው፤ ኪሱም ከጋውኖቹ ሁሉ እንዲፈታ ያዛል። እሷ ደብዳቤውን ወስዳ በመስተዋት አስገብታ ሳሎኗ ውስጥ ከነርስነት ዲፕሎማዋ ጎን ሰቀለችው። እህቷ መጥታ አየችውና ደነገጠች።

«ምን ነካሽ፣ ይሄ እኮ ውርደት ነው። አውርጂው።»

«ዲፕሎማውን ብዙ ሰው አለው» አለቻት። «ሰርቄያለሁ ብሎ ራሱ ተናግሮ፣ በማኅተም የተመሰከረለትን ሰው እስቲ አምጪልኝ።»

ባሏ በተጠገነው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደብዳቤውን ያስነብባል። ወንበሩ አሁንም ትንሽ ይነቃነቃል።

ኪሶቹን ግን በምላጭ ፈታቻቸው። ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ልክ ነበር። ሁለት ሳምንት ቁልፏ ማደሪያ አጣች፤ አንድ ጊዜ ከእጇ ወደቀችና ልጁ አየባት፤ ያ ልጅ ጣራው እስኪነቀል ጮኸ። ጽዳቷ በነዚያ ቀናት ትገባለች፣ ትወለውላለች፣ «እንደምን አደርሽ» ትላለች፣ ከዚያ አታልፍም። ሲስተርም አልለመነችም። ይቅርታ አንድ ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው፤ የሚጨቀጭቅ ይቅርታ ጠያቂ ሁለተኛ ጥፋት ነው።

አንድ ማለዳ ጋውኗን ከመስቀያው ስታነሳ እጅጌው ላይ ቀይ ነገር አየች። ኪስ ነው። በውስጥ ሳይሆን በውጭ፣ በግራ እጅጌው ላይ፣ ከሩቅ በሚጮህ ቀይ ጨርቅ የተሰፋ፤ ስፌቱ ጠርዝ በጠርዝ የገጠመ። ጽዳቷ በሩ ላይ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች።

«በውጭ ነው የሰፋሁት» አለች። «ከእንግዲህ የምታስገቢውን ነገር እኔም ልየው።»

«እጅሽ ይባረክ።»

«የኔን ተዪና የራስሽን ጠብቂ።»

የመጀመሪያዋ ተረኛ ልጅ ገባች፤ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሲስተር ቁልፏን አሳየቻት፣ አንከባለለቻት፣ ቀስ ብላም በሚታየው ቀይ ኪስ ውስጥ ጣለቻት። ልጅቱ ዓይኗን ከኪሷ መንቀል አቃታት። ጽዳቷም ቃሏ ቃል ነውና ከበሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ያቺኑ ኪስ ትጠብቃለች።

«እያየሽ ነው?» አለች ሲስተር፣ ዞር ሳትል።

«እያየሁ ነው። እስካሁን ምንም አልወሰድሽም።»

«መርፌውንስ አየሽ?»

ጽዳቷ ወደ ልጅቱ ክንድ ተመለከተች። ፕላስተሩ ተለጥፏል።

ያን ዕለት ጽዳቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ መወልወያዋ ከእጇ እስኪወድቅ። ልጅቱ የሚያስቀው ምን እንደ ሆነ ሳይገባት አብራ ሳቀችና ደጅ ወጥታ ለተሰለፉት «አያምም» ብላ ተናገረች።